በኪስ ስለሚያዙ የፊልም ማሳያዎች

በ2000 ዓ.ም. አንድ የሥራ ባልደረባችን ምክር ፈልጎ ወደ እኛ መጣ። በዋሽንግተን ከተማ የሚኖረው ወንድሙ ሠርጉን ደግሶ፣ የሠርጉን ፊልም በዲቪዲ ልኮ ነበር። እናታቸው ግን የሚኖሩት ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ የኤሌክትሪክ መብራት ባልገባበት ገጠር ነው። ወደ ከተማ መጥተው በቴሌቪዥን እንዳያዩ ጕልበታቸው አይፈቅድላቸውም። ስለዚህ በኪስ የሚያዝ የፊልም ማሳያ ሊልክላቸው አስቦ፣ ከብዙው ዓይነት የትኛው እንደሚሻል ጠየቀን። እኛም ከፊሉን በግዢ፣ ከፊሉን በውሰት ሦስት መሣሪያዎች አሰባስበን፣ ያንኑ የሠርግ ፊልም በየተራ ጫንንባቸው።

እርግጥ፣ ዛሬ ይህን ሥራ ስልክ ወርሶታል። የአፕል ኩባንያም የመጨረሻውን አይፖድ መሥራት ማቆሙን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ነገር ግን ርካሾቹ ማሳያዎች ከገበያ ጨርሰው አልጠፉምና፣ ያየነውን ብንጽፍ የሚጠቀምበት አንባቢ አይታጣም።

የመጀመሪያው ከመርካቶ የተገዛው ርካሹ ነበር። ስሙ «ኤም ፒ ፎር» ይባል እንጂ፣ ኤ ኤም ቪ የሚባለውን የፊልም ዓይነት ካልሆነ በቀር ሌላ አይቀበልም። መስኮቱ 1.8 ኢንች ሲሆን፣ በጐን 160 በቁመት 128 የብርሃን ነጥቦች አሉት። ሁሉም ሲደመር 20,480 ነው። ከአሜሪካ የመጣው ዲቪዲ ግን ለአንዱ ሥዕል 345,600 ነጥብ ይዟል። እንግዲህ ከ17ቱ ነጥብ 16ቱ ተጥሎ አንዱ ይቀራል ማለት ነው። ሙሽራዋን ከሚዜዎቿ ለይተን ያወቅናት በልብሷ ነጭነት ብቻ ነበር።

ከዚህ የባሰው ግን እንቅስቃሴው ነው። መሣሪያው የሚያሳየው በሰከንድ 12 ያህል ሥዕል ሲሆን፣ ዋናው ፊልም 30 ያህል አለው። አነስተኛው ቍጥር ሰው ተቀምጦ ሲነጋገር ብዙ አይታወቅም። እስክስታ ሲጀመር ግን ትከሻው ከላይ ታይቶ ወዲያው ከታች ይገኛል፤ መካከሉ የለም። ጭፈራው የብርድ መንቀጥቀጥ መሰለ። የማሳያን ጥራት ለመፈተን የሚሻ ሰው ከእስክስታ የተሻለ መመዘኛ አያገኝም።

በካርቶኑ ላይ 4 ጊጋባይት ይይዛል ተብሎ ተጽፎ ነበር። ፊልሙ ያለ አንዳች ቅሬታ ተገለበጠ፤ ነገር ግን ከመካከሉ ሲደርስ ሥዕሉ ተበጣጥሶ ቆመ። መያዣው የተጻፈውን ያህል አልነበረም፤ የተረፈውን እንደ ተቀበለ መስሎ ይጥለዋል። ሻጩን ብንጠይቀው «ዘፈን ጫኑበት» አለን። ስለዚህ ገዢ ሁሉ መሣሪያውን እስከ አፉ ሞልቶ፣ መጨረሻ የገባውን ከፍቶ ይመልከት።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ባለ 30 ጊጋባይት አይፖድ ነው። መስኮቱ 2.5 ኢንች፣ ነጥቡ 320 በ240 ነው። ቀለሙ ያማረ፣ እስክስታውም እስክስታ ነበር። ሆኖም ሠርጉ የተነሣው በሰፊው መልክ ስለ ነበር፣ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ተሠምሮ ከነጥቦቹ ሩቡ ሥራ ፈት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታደሰው ዓይነት 640 በ480 ፊልም ይቀበላል ተብሎ ብዙ ተወርቶለታል፤ መስኮቱ ግን እዚያው 320 በ240 ላይ ቀርቷል። የሚቀበለውና የሚያሳየው ለየቅል መሆኑን ብዙ ገዢ አያስተውልም። ኩባንያው ራሱ ለባለ 30ው የሰጠው የፊልም ጊዜ 2 ሰዓት ነው፤ የእኛ ሠርግ ደግሞ 2 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መብራት በሌለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው የፈረንሳዩ ኩባንያ አርኮስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው 604 የተባለው ነው። መስኮቱ 4.3 ኢንች፣ ነጥቡ 480 በ272 ሲሆን ሰፊው ሥዕል ሞልቶ ይቀመጥበታል። ባትሪው ተነቅሎ ስለሚለወጥ ሁለተኛ ባትሪ አብሮ መላክ ይቻላል። እንከን አልታጣበትም፤ የዲቪዲውን ፊልም በቀጥታ እንዲያነብ ለብቻው የሚገዛ ፈቃድ ይጠይቃል። እኛ ግን ፊልሙን በኮምፒዩተር ለውጠን አሳለፍነው። በፀሐይ ብርሃን ደግሞ ሦስቱም የገዛ ፊታችንን ከማሳየት በቀር የረቡን ነገር የለም።

ባልደረባችን አርኮሱን ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር ይዞ ሄደ። ጐረቤቱ ተሰብስቦ፣ በር ተዘግቶ ታየ። ሙሽራው ወደ አዳራሹ ሲገባ እናቱ «እስቲ አቁመው» ብለው መሣሪያውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና፣ «ይኸ ልጅ ከስቷል፤ ምን ሆኖ ነው?» አሉ። ባልደረባችን እንደ ነገረን፣ ወንድሙ ከሠርጉ በፊት ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ለእናታቸው ግን እስከዚያ ቀን ማንም አልነገራቸውም።