ለቆላ መጋዘን የሚሆን ስልክ

ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በቀድሞው የምድር ባቡር መስመር ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከገባ ወዲህ የአካባቢው ኑሮ ከጭነት ጋር የተሳሰረ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠናም በዚሁ ሥራ ላይ የቆመ ነው።

እንዲህ ባለ አካባቢ፣ ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22፣ ከወጪ ቀሪው በቢን ካርድ ሲያዝ ለኖረ መጋዘን ባርኮድ የሚያነብ ስልክ ሊገዛ ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ፣ የግዥ ኮሚቴው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ቢወድቅ ይሰበራል ወይ?» ብሎ ነው። በቆላ ግን ከመውደቅ ይልቅ የሚያስፈራው ሙቀት ነው።

ብዙ ተራ ስልኮች የተሠሩት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሆነ አየር ነው። የሰኔ ቀትር በድሬዳዋ እዚያው ይደርሳል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ያልፋል። ስልኩ ሲግል ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ሥራው ይጎተታል፣ ቻርጅ መቀበሉን ያቆማል። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ እየጋለ ቻርጅ ሲደረግ ቶሎ ያረጃል፤ ሲብስበትም ያብጣል። ያበጠውን ለመለየት ጀርባው ሜዳ የሆነውን ስልክ ከነከቨሩ ሳይሆን ራቁቱን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኝታችሁ በጣት ገፋ አድርጉት። እንደ እንዝርት ከዞረ ጀርባው ተነፍቷል፤ ከሥራ ይውጣ። ስለዚህ እስከ 50 ዲግሪ እንዲሠራ የተመረተ፣ ባትሪውም በእጅ ወጥቶ የሚቀየር ይመረጥ።

ቀጥሎ አቧራ ነው። «አይፒ» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው አሃዝ የአቧራ፣ ሁለተኛው የውሃ መከላከያ ደረጃ ነው። 6 ማለት አቧራ ፈጽሞ አያስገባም ማለት ነው፤ ለደረቅ መጋዘን አይፒ 65 ይበቃል።

ሻጮች «የአሜሪካ ጦር መመዘኛ 810ን ያለፈ» ማለት ይወዳሉ። መመዘኛው ከ1.22 ሜትር 26 ጊዜ መጣልን ይጠይቃል፤ ሆኖም መጣሉን እስከ 5 ስልኮች ሊካፈሉት ይፈቀዳል። ምስክር ወረቀት የሚሰጥ አንድ ወጥ አካልም የለውም። ስለዚህ የፈተናውን ሪፖርት ጠይቁ።

የመድኃኒት መጋዘን ከሆነ አንድ ነገር ይጨመራል። ማሸጊያው ላይ ያለው ዳታ ማትሪክስ የተባለው አራት ማዕዘን ኮድ የምርት መለያውንና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን ሊይዝ ይችላል፤ መስመር ብቻ የሚያነብ ሌዘር ይህን አያነበውም።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ናሙና ተቀበሉና ዕቃ ለሚቆጥረው ሠራተኛ ስጡት። በሞቃት ወር፣ ጓንቱን ሳያወልቅ፣ ሙሉ ፈረቃ ይሥራበት። ባትሪና ስክሪን ድሬዳዋ ውስጥ የማይገኝለትን ስልክ ግን ዋጋው ቢረክስም አትግዙ።