እውነት ወይስ ተረት? «አሠሪውን ጥሎ የሄደ ሠራተኛ ወጭት ሰባሪ ነው»

ከአርባ ምንጭ ወጣ ብለው ወደ ላንቴ ወይም ወደ ጫኖ ቢሄዱ፣ አመሻሹ ላይ መንገድ ዳር የቆመ አይሱዙ አያጡም። ልጆቹ የሙዝ ዘለላ በትከሻቸው ተሸክመው ከማሳው ይወጣሉ፤ አንዱ ጭነቱ ላይ ቆሞ ሙዙ እንዳይላላጥ ቅጠል እያነጠፈ ይደረድራል። ሸሚዛቸው የሙዝ ውሃ ነክቶት በማይለቅ ጥቁር ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። ጭነቱ ሲያልቅ ሂሳብ ይከፈላል፤ አንዳንዴ ደግሞ «ለቅዳሜ እንተሳሰባለን» ይባላል። ከልጆቹ አንዱ በሳምንቱ የተሻለ ወደሚከፍል ማሳ ቢሻገር፣ ስሙ ከእሱ ቀድሞ ጎድፎ ይደርሳል። ወጭት ሰባሪ! ያበላውን የካደ! ደግሞም፣ ይባላል፣ ለጌታ ታማኝ መሆንን የሚያዝዘው መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ነው።

ታማኝነትን ማዘዙ እውነት ነው። ግን ጥቅሱ የሚነበበው እስከ ግማሹ ነው። ኤፌሶን ምዕራፍ 6 ከቁጥር 5 እስከ 8 አገልጋዮችን ይመክራል፤ ቁጥር 9 ፊቱን ወደ ጌቶች አዙሮ እናንተም እንዲሁ አድርጉ፣ ዛቻውን ተዉ፣ የእናንተም የእነሱም ጌታ በሰማይ አለ ይላቸዋል። ቆላስይስ 4፥1 ደግሞ ቅንና ትክክለኛ የሆነውን እንዲሰጧቸው ያዝዛል። ምክሩ የተጻፈው በሮም ዘመን፣ «ለቅቄያለሁ» የማለት መብት ለሌላቸው ባሮች መሆኑንም አይርሱ። ለእነሱ እንኳ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥21 ነፃ መውጣት ከቻላችሁ ተጠቀሙበት ብሏል። በቀን ሂሳብ ሙዝ የሚጭን ልጅ ከባሪያ የባሰ የሚታሰርበት ምክንያት አይታየኝም።

«እውነተኛ ታማኝ እስከ መጨረሻው ይታገሣል» የሚለውም አለ። ያዕቆብን እንመልከት። በአጎቱ በላባ ቤት 20 ዓመት አገለገለ፤ 14ቱን ለሁለቱ ሴቶች ልጆች፣ 6ቱን ለመንጋው። በዘፍጥረት 31 ላይ የሚያቀርበው አቤቱታ የአንድ ሠራተኛ የአገልግሎት ማስረጃ ይመስለኛል። ቀን ሐሩር፣ ሌሊት ቁር እየበላው እንቅልፍ አጥቶ ጠብቋል፤ አውሬ የሰበረውን በግ እንኳ ከራሱ ከፍሏል። ላባ በበኩሉ ደመወዙን አሥር ጊዜ ለዋወጠበት። እንዲህ ላለው አገልጋይ የመጣው መለኮታዊ ትእዛዝ ታዲያ «ታገሥ» አልነበረም፤ ወደ አገርህ ተመለስ የሚል ነበር። ላባ ሲከታተለውም በሕልም የተገሠጸው አሠሪው ነው። በዚያ ታሪክ ያዕቆብን ከሐዲ የሚለው የለም፤ ከላባ ቤት ሰዎች በቀር።

ታዲያ ተረቱ ለምን አይሞትም? አንደኛው ምክንያት ዋስ ነው። ከጨንቻ ወይም ከቦንኬ የሚወርደው ልጅ ብቻውን አይቀጠርም፤ አጎቱ ወይም የአገሩ ልጅ ቃል ገብቶለት ነው። ሲለቅ የሚያፍረው ዋሱ ነውና፣ ይህ ሐፍረት ቀስ በቀስ ኃጢአት የሚል ስም ወጣለት። ሁለተኛው የቆየ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ እስኪያደርግ ድረስ፣ እዚህም ደቡብ ገባርና ጭሰኛ ለባለ መሬት ይሠራ እንደነበር ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። መሬቱ በአዋጅ ተለቀቀ፤ ልማዱ ግን አዋጅ አይሰማም። ሦስተኛውን ለመናገር ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል፤ ጠቀም ያለ አሥራት የሚያወጣው ባለ ማሳው ነው፣ ቁጥር 9ን በፊቱ ማንበብ ደግሞ ለሰባኪም ይከብዳል።

«ደመወዝ ቢዘገይ ምን አለበት? ከእኔ ዘንድ አይጠፋም» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ መጽሐፉ አይለሳለስም። ዘሌዋውያን 19፥13 የቀን ሠራተኛው ሂሳብ እስከ ነገ እንዳይድር፣ ዘዳግም 24፥15 ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል ያዝዛሉ፤ ምክንያቱም ሰውየው ድሃ ነው፣ ልቡ እዚያ ላይ ነው። የያዕቆብ መልእክት 5፥4 የተቀማ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮህ ይናገራል። ይህ ለጋሞ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ጎሜ ሲባል የሚያውቀው፣ የተደበቀ በደል ወጥቶ እስኪነገር ድረስ ዝም ብሎ እንደማይተኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ውሉ የተቋረጠበት ሠራተኛ ሂሳቡን በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያገኝ ያዝዛል።

«እንደ ልጄ ነው የያዝኩት» ደግሞ አለ፤ በተለይ ከጋሞ ደጋ ለሽመና አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ የሚወሰዱ ልጆች በደንብ ያውቁታል። መብልና መኝታ ተሰጥቷል፣ ሙያ ተምሯል፣ ደመወዝ ምን ያደርግለታል? ላባም እኮ ዘመድ ነበር፤ ያውም ዘመድ ስለሆንክ በነፃ አታገለግለኝም ብሎ ነው ውሉን የጀመረው። ዘዳግም 15 ስድስት ዓመት ያገለገለውን ባሪያ እንኳ ባዶ እጁን እንዳትሰድደው፣ ከመንጋህም ከአውድማህም ስጠው ይላል። ዛሬ የሥራ ስንብት ክፍያ የምንለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። አዋጁ ክፍያው ለሚገባው ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይሰጣል፣ ለእያንዳንዱ ተከታይ ዓመት የዚያን አንድ ሦስተኛ ይጨምራል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ግን ለሌላ ደንብ ትቶታል፤ «እንደ ልጄ» በብዛት የሚባለውም እነሱ ላይ መሆኑ ያሳዝናል።

ሠራተኛውም የራሱ ተረት አለው፤ «እግዚአብሔር ከድሃ ጋር ነው፣ ከባለ ሀብት ትንሽ ብወስድ ምን አለበት?» የኤልሳዕን ሎሌ ግያዝን ይጠይቁ። ጌታው እምቢ ያለውን ስጦታ በጌታው ስም ከንዕማን ተቀብሎ፣ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት ልብስ ቤቱ ደበቀ፤ ትርፉ ለምጽ ሆነ። በባለ ማሳው ስም ከነጋዴው ጋር እየተደራደረ ለራሱ የሚያስቀር ሁሉ ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 5ን ቢያነብ አይጎዳም። ሳይናገሩ መጥፋትም እንደዚሁ መብት አይደለም፤ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ አዋጁ ይጠይቃል።

«ያዕቆብስ ሳይናገር አይደል የጠፋው?» ካሉኝ፣ አዎ፣ ላባ በጎቹን ሊሸልት በሄደበት ነው የወጣው። ላባም ደርሶበት፣ ብትነግረኝ ኖሮ በከበሮና በበገና እሸኝህ ነበር ብሎ ተቆጣ። የያዕቆብ መልስ አጭር ነበር፤ ልጆችህን በግድ ትነጥቀኛለህ ብዬ ፈራሁ አለው። ሠራተኞቼ ሳይነግሩኝ ይጠፋሉ የሚል ባለ ማሳ ካለ፣ የመጨረሻውን ወር ሂሳብ ይዞ ያስቀረበት ስንት ሰው እንዳለ መጀመሪያ ይቁጠር።