ማሽኑ ድራመሩን ሲከተል

የእንግሊዙ ባንድ የዘ ሁ ድራመር ኪዝ ሙን፣ ድራሙን በመሰባበር እንጂ በመታዘዝ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ1971 ግን ባንዱ «ሁዝ ኔክስት» የተባለውን አልበም አወጣ። የአልበሙ ሁለት ዝነኛ ዘፈኖች በኤሌክትሮኒክ ድምፅ ላይ የተሠሩ ነበሩ፤ ድምፁም መድረክ ላይ ከቴፕ ይለቀቅ ነበር። ያ ለማንም የማይገዛ ሰው ከቴፑ ጋር ላለመጣላት ሲል ማዳመጫ ጭንቅላቱ ላይ በፕላስተር እያስለጠፈ ይጫወት ጀመር። ቴፕ ሰው አይሰማም። አንዴ መሽከርከር ከጀመረ፣ ድራመሩ ፈጠን ቢል ወይም ቢዘገይ ግድ የለውም፤ መመለስ ያለበት ድራመሩ ነው።

በዚያን ሰሞን ሌሎች ድራመሮች ነገሩን ከሌላ በኩል ይሞክሩት ነበር። የሙዲ ብሉዝ ባንዱ ግሬም ኤጅ ከሰሴክስ ዩኒቨርሲቲው ብራያን ግሮቭስ ጋር ሆኖ የኤሌክትሮኒክ ድራም አሠራ። ካርል ፓልመር ደግሞ በ1973 ባንዱ በቀረጸው «ቶካታ» ላይ ከበሮውን ሲመታ ከሲንተሳይዘር ድምፅ ያስወጣ ነበር። ዛሬ የተለመደው ዘዴ ይህ ነው፦ ከበሮው ላይ የተለጠፈው ሴንሰር ንዝረቱን ወደ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ያ ኤሌክትሪክ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ድምፅ ይወጣል። በ1983 ሚዲ የተባለው የሙዚቃ መሣሪያዎች መግባቢያ ሲመጣ ምቱ ቁጥር ሆነ፤ የትኛው ከበሮ እንደተመታ፣ ጥንካሬውም እስከ 127 በሚደርስ ልክ ይላካል። በ2001 ደግሞ ኤብልተን ላይቭ የተባለው የበርሊን ሶፍትዌር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ድራመር በአንድ ምት ከላፕቶፕ ውስጥ ሙሉ ቅንብር ማስነሳት ይችላል።

ማስነሳት ግን መምራት አይደለም። ቅንብሩ ከተነሳ በኋላ ቤዙም ኪቦርዱም በማሽኑ ፍጥነት ነው የሚፈሱት፤ ድራመሩም ጆሮው ውስጥ ክሊክ (ፍጥነቱን የሚቆጥር ድምፅ) ይዞ ይከተላል። ሽቦው ቀጠነ እንጂ የሙን እስራት አልተፈታም። በቤተ ክርስቲያን ወረብ ላይ ግን ከበሮው ሲፋጠን ጭብጨባው ይፋጠናል፣ እግሩም ይከተላል፤ ማንም ከበሮ መቺውን «ጠብቅ፣ ጭብጨባው አስቀድሞ ተቀድቷል» አይለውም። ኮምፒውተሩን እንደዚያ ጭብጨባ ማድረግ ይቻል ይሆን?

ጥያቄውን ቀድሞ የነካው፣ የኮምፒውተር ሙዚቃ አባት የሚባለው ሰው ነው። ማክስ ማቲውስ በኒው ጀርሲ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስና በትርፍ ጊዜው ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ነበር። በ1957 የጻፈው ፕሮግራም በአይቢኤም 704 ኮምፒውተር ላይ 17 ሰከንድ ያህል የሚረዝም ሙዚቃ አስወጣ። ያ ሙዚቃ ግን ተሰልቶ ያለቀ ነበር፤ ጨዋታ አልነበረበትም። ማቲውስ በ1980 ያስተዋወቀው ከበሮ ይህን ጉድለት ለመሙላት የታሰበ ነው። ኖታዎቹ በተራ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ተጫዋቹ በመታ ቁጥር ተረኛው ኖታ ይወጣል። የትኛው ኖታ እንደሚመጣ ማሽኑ ያውቃል፣ መቼና በምን ጥንካሬ እንደሚመጣ ደግሞ ሰውየው ይወስናል። ይህ የሥራ ክፍፍል ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ሐሳቦች ሁሉ ይልቃል። ቆየት ብሎም የላቦራቶሪው ባልደረባ ቦብ ቦይ የሬዲዮ ምልክት የሚሰጡ ዘንጎች ሠራ። ማቲውስ በእነሱ እንደ ኦርኬስትራ መሪ እጁን እያወዛወዘ ማሽኑን ያፈጥነውና ያዘገየው ነበር።

የመሪው ዘንግ ግን ምት ብቻ ነው የሚናገረው። የድራም ስብስብ ላይ የተቀመጠ ሰው ዋናውን ምት ይመታል፣ በመሃል ይሞላል፣ ያንከባልላል፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ ይዘገያል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን በምትና በምት መካከል ያለው ግማሽ ሰከንድ ነው። አንድ የስኔር ከበሮ ምት 40 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ቢመጣ ምን ማለት ነው? ፍጥነቱ ቀነሰ? ድራመሩ ለጣዕም ሲል ወደ ኋላ ጎተተው? ወይስ ጌጥ ብቻ ነው? ሁሉን የሚያምን ማሽን እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ምንም የማያምን ደግሞ ተመልሶ ክሊክ ይሆናል።

በ2007 በለንደኑ ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ አንድሩ ሮበርትሰንና ማርክ ፕላምብሊ «ቢ-ኪፐር» ብለው ያቀረቡት ሥራ ይህን ቋጠሮ የፈታው እምነትን በመጠን በማድረግ ነው። ፕሮግራሙ የኪክና የስኔር ከበሮዎቹን ድምፅ በማይክ ይሰማል፤ የሚቀጥለው ምት መቼ እንደሚያርፍም ይገምታል። በግምቱ ዙሪያ መስኮት አለ። መስኮቱ መሃል ያረፈ ምት ብዙ ይታመናል፣ ወደ ዳር የወጣው እየቀነሰ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ጌጥ ተብሎ ይታለፋል። ድራመሩ ሲረጋ መስኮቱ ይጠባል፣ ሲለዋወጥ ይሰፋል። ከዚያ ትንሽ ማስተካከያ ወደ ኤብልተን ላይቭ ይሄዳል፤ ላይቭ የቃናውን ከፍታ ሳይነካ ቅንብሩን መሳብና ማጥበቅ ስለሚችል አድማጩ ስፌቱን አያይም። ፕሮግራሙ የተሠራበት የሶፍትዌር ማዕቀፍ ስሙ «ማክስ» ነው፤ በማክስ ማቲውስ ስም የተሰየመ።

ማሽኑ በእርግጥ ይከተል እንደሆን የተፈተነበት መንገድ ሳቢ ነው። ድራመሮች ከአንድ ቅንብር ጋር ደጋግመው ተጫወቱ። ፍጥነቱን የያዘው አንዴ ቢ-ኪፐር፣ አንዴ ምቱን እያዳመጠ በጣቱ የሚነካ ሰው፣ አንዴ ፍንክች የማይል ሜትሮኖም ነበር። የትኛው እንደሆነ ለድራመሩ አይነገርም፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸውም በዚያ ቅጽበት አያውቁም። ድራመሩ ተጫውቶ ሲጨርስ አጃቢውን ነጥብ ይሰጠዋል፣ ማንነቱንም ይገምታል።

ሜትሮኖሙን ከሌሎቹ መለየት ቀለል ይል ነበር። ሰውየውንና ቢ-ኪፐርን ግን ድራመሮቹ በእርግጠኝነት መለየት አልቻሉም።