ጥልቁን አሸዋ ድንጋይ የሚደፍነው ሙቀት ነው

ነዳጅና ጋዝ ከምድር በታች እንደ ሐይቅ ተንጣልለው የሚገኙ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚገኙት አሸዋ ድንጋይን በመሰሉ አለቶች ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ክፍተቶች ነው። አሸዋ በባሕር ጠረፍ ሲከማች ከይዘቱ 40 በመቶ ገደማው ክፍተት ነው፤ ሲቀበር ይህ ይጠባል። ተጠያቂው የላይኛው ደለል ክብደት ብቻ ነው ማለት ግን አያስኬድም። ክብደት የአሸዋውን ቅንጣቶች ያጠጋጋል፤ ኳርትዝ የተባለው ማዕድን በበዛበት አሸዋ ላይ ግን ክፍተቱ ወደ 25 በመቶ ሲወርድ አቅሙ ይዳከማል። ከዚያ ወዲያ ሥራውን የሚረከበው ሙቀት ነው።

ከኖርዌይ ጠረፍ ማዶ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። ከባሕሩ ወለል 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ተወርዶ ሙቀቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ ኳርትዝ ሚካ ከተባለው ማዕድንና ከሸክላ ጋር በተነካካበት ቦታ ይሟሟል፤ ከኳርትዙ የሟሟውም ሲሊካ ጥቂት ተጉዞ በንጹሕ የኳርትዝ ገጽ ላይ ይረጋና ቅንጣቶቹን የሚያያይዝ ሲሚንቶ ይሆናል። ስስ የድንጋዩ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የጥንቱን ድቡልቡል ቅንጣት ጠርዝ ቀጭን የአቧራ መስመር ይለየዋል፤ ከመስመሩ ውጪ ያለው በኋላ የበቀለ ኳርትዝ ነው። በእሱ ውስጥ አረፋ ያዘለች የውሃ ጠብታ ተቆልፋ ትገኛለች፤ አረፋዋ እስኪጠፋ ድረስ ስትሞቅ ኳርትዙ ቢያንስ በስንት ዲግሪ እንደበቀለ ታሳውቃለች። ለእኔ ከሁሉም ማስረጃ የበለጠ የምታሳምነኝ ይህች ጠብታ ናት። ተመራማሪው ኦላቭ ዋልደርሃውግ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ቀመር ደግሞ ሙቀቱ በ45 ዲግሪ ሲጨምር ሲሚንቶው የሚረጋበት ፍጥነት 10 እጥፍ ያህል ያድጋል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ደለሉ ወጣት፣ ምድሩም ቀዝቀዝ ያለ በመሆኑ ከ5 ኪሎ ሜትር በታችም ጥሩ ክፍተት ያለው አሸዋ ድንጋይ አለ፤ ዋናው ነገር ጥልቀት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ነዳጅ ወደ ክፍተቶቹ ቀድሞ ከገባ ሲሚንቶውን ያስቆመዋል የሚሉ አሉ። ሊያዘገየው ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን በሲሚንቶው ውስጥ ተቆልፈው የተገኙ የነዳጅ ጠብታዎች ኳርትዙ ነዳጁ ከመጣ በኋላም ይበቅል እንደነበር ይመሰክራሉ። የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ በኖርዌይ ሃልተንባንከን አካባቢ ከ4 ኪሎ ሜትር በታች፣ በከፍተኛ ሙቀት ውስጥ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ክፍተት የያዙ አሸዋ ድንጋዮች አሉ። ቅንጣቶቻቸውን ክሎራይት የተባለ ስስ የማዕድን ሽፋን ስለለበሳቸው ሲሊካው የሚያርፍበት ንጹሕ ገጽ አጥቷል። ሙቀት ፍጥነቱን ይወስናል፤ ንጹሕ ገጽ ከሌለ ግን ፍጥነቱ የሚሠራበት ቦታ የለውም።

ስለዚህ ጋዝ የያዘውን የኦጋዴኑን ካሉብ አሸዋ ድንጋይ የመሰለ ሲመረመር ዛሬ ያለበት ጥልቀት ብቻውን አይበቃም። ድንጋይ ወደ ላይ ተነሥቶ ቢቀዘቅዝም አንዴ የረጋ ኳርትዝ በቀላሉ አይሟሟምና፣ መታወቅ ያለበት በዕድሜው የደረሰበት ከፍተኛ ሙቀትና በዚያ ሙቀት የቆየበት ዘመን ነው።