«የትዳር ጓደኛ» ማነው? ዜግነታቸው የተለያየ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች በኢሚግሬሽን ሕግ ፊት

ጋብቻ ሁለት ሰዎች የሚዋዋሉት ጉዳይ ቢሆንም ከተጋቢዎቹ አንደኛው የሌላ አገር ዜጋ በሆነ ጊዜ ሦስተኛ ወገን ይገባበታል። ይህም ወገን የአገሩን በር የሚጠብቀው መንግሥት ነው። ብዙዎቹ መንግሥታት ለዜጋቸው ባል ወይም ሚስት በሩን ከሌላው እንግዳ ይልቅ ሰፋ አድርገው ይከፍታሉ። ስለዚህ በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «የትዳር ጓደኛ ማነው?» የሚለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ጥያቄ ተጋቢዎቹ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች በሆኑ ጊዜ ምን መልስ እንደተሰጠው ነው። ሃይማኖትና ባህል ስለ ጉዳዩ የሚሉትን ለመዳኘት አልተነሣንም፤ የምንከተለው የሕጉን አሠራር ነው። ይሁን እንጂ ከሕጉ አሠራር በስተኋላ ሰዎች አሉ፤ ከነርሱም መካከል አንድ ማመልከቻ 41 ዓመት የፈጀባቸው ይገኙበታል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ሁለቱ ጥያቄዎች

የጋብቻ ማስረጃ የቀረበለት የኢሚግሬሽን ሹም ሁለት ነገሮችን ለይቶ ይመለከታል። አንደኛው፣ ጋብቻው በተፈጸመበት ቦታ ሕግ የጸና ነውን? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የኢሚግሬሽኑ ሕግ ራሱ «የትዳር ጓደኛ» ሲል እንዲህ ያለውን ተጋቢ ይጨምራልን? የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች እንደ ሁለት ቁልፎች ናቸው፤ አንደኛው ቢከፈትና ሁለተኛው ቢዘጋ ሰውየው ከደጅ ይቀራል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ያረፈበት መርሕ በሕግ ዐዋቂዎች ዘንድ የቆየ ነው። ይኸውም በተፈጸመበት አገር የጸና ጋብቻ በሌላውም አገር የጸና ነው የሚል ሲሆን፣ ተቀባዩን አገር ሞራል የሚቃረን እንደሆነ ግን መርሑ አይሠራም። መርሑ ለአገራችንም ሕግ እንግዳ አይደለም። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ5ኛው አንቀጽ በውጭ አገር የተፈጸመ ጋብቻ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ በኢትዮጵያ የጸና መሆኑን ይደነግጋል። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በ629ኛው አንቀጽ በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚደረገውን ግንኙነት ያስቀጣልና፣ በዚህ አገር የምንናገርለት ጋብቻ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይቆማል። በአሜሪካ የተነሣው ክርክር ግን በብዛት የተካሄደው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው።

፪. የአዳምስና የሱሊቫን ማመልከቻ

ሚስተር ሪቻርድ አዳምስ በፊሊፒንስ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የሄዱና የአሜሪካ ዜግነት ያገኙ ሰው ነበሩ። ሚስተር አንቶኒ ሱሊቫን አውስትራልያዊ ነበሩ። ሁለቱ በ1971 በሎስ አንጀለስ ተዋወቁ። ሱሊቫን በጎብኚ ቪዛ የገቡ ስለሆኑ ቀኑ ባለቀ ቁጥር የመለያየት ሥጋት ነበረባቸው። በ1975 በኮሎራዶ ግዛት በቦልደር ከተማ ወይዘሮ ክሌላ ሮሬክስ የተባሉት የመዝገብ ሹም፣ የግዛቱ ሕግ በግልጽ አይከለክልም በማለት ለ6 የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የጋብቻ ፈቃድ ሰጡ። አዳምስና ሱሊቫን ከ6ቱ ጥንዶች አንዱ ሆነው በኤፕሪል ወር ተጋቡ።

አዳምስ ወዲያው ለሱሊቫን የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ እንዲሰጥ አመለከቱ። በኖቬምበር 1975 የመጣው መልስ ማመልከቻውን ከመከልከል አልፎ፣ በእንደነዚህ ባሉ ሁለት ሰዎች መካከል እውነተኛ ትዳር ሊኖር አይችልም የሚል ነበር፤ ሰዎቹንም የጠራቸው በስድብ ቃል ነው። መሥሪያ ቤቱ ቆይቶ ስድቡን ያወጣ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ፤ ውሳኔው ግን እንደነበረ ጸና።

ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1982 የዘጠነኛው ክልል ይግባኝ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ከላይ በተመለከትናቸው ሁለት ጥያቄዎች ከፍሎ አየው። ጋብቻው በኮሎራዶ ሕግ ጸንቷል ወይስ አልጸናም የሚለውን ሳይወስን አለፈው። በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን፣ ሕግ አውጪው «የትዳር ጓደኛ» ሲል በተለመደው ትርጉም ወንድና ሴትን ማለቱ ነው ብሎ ፈረደ። ከምክንያቶቹ አንዱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ይኸው ሕግ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ያላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ወደ አገር እንዳይገቡ የሚከለክል ሆኖ ሳለ፣ እነዚህኑ ሰዎች በትዳር ስም ያስገባል ማለት አይቻልም አለ።

ይህ ክልከላ የመነጨው በ1952 ከወጣው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ነው። ሕጉ «የጠባይ ሕመም» ያለባቸውን ሰዎች ይከለክል ነበር፤ በ1965 ደግሞ «የጾታ ጠባይ መዛባት» የሚል ሐረግ ተጨመረበት። በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1955 ወደ አገሩ የገቡት ካናዳዊው ክላይቭ ቡቲሊየር በዚሁ ሕግ መሠረት ከአገር እንዲወጡ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ክልከላው የተሰረዘው በ1990 ነው።

አዳምስና ሱሊቫን በጋብቻ ያጡትን በሌላ መንገድ ፈለጉ። ከአገር መባረር «እጅግ የከፋ ችግር» የሚያስከትልበት ሰው መባረሩ እንዲቀርለት ሕጉ ይፈቅድ ነበርና በዚህ አመለከቱ። በ1985 ይኸው ይግባኝ ፍርድ ቤት በአብላጫ ድምፅ፣ ከአዳምስ መለየት ሕጉ የሚለውን ያህል የከፋ ችግር አይደለም አለ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ ነበሩ፤ ስማቸውን ኋላ እናነሣዋለን። ጥንዶቹም አገሩን ለቀው አንድ ዓመት ያህል በአውሮጳ ከተንከራተቱ በኋላ ተመልሰው ያለ ፈቃድ በጸጥታ መኖር ያዙ።

፫. የ1996 ሕግና የ2013 ፍርድ

እስከዚህ ድረስ የትኛውም የአሜሪካ ግዛት እንዲህ ያለውን ጋብቻ በሕጉ አላጸደቀም ነበር። በ1996 ግን የፌዴራሉ ምክር ቤት፣ አንድ ግዛት ወደፊት ቢፈቅድስ በሚል ሥጋት፣ በፌዴራል ሕግ ሁሉ ውስጥ «ጋብቻ» ማለት የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት አንድነት ብቻ ነው፣ «የትዳር ጓደኛ» ማለትም የተቃራኒ ጾታ ባል ወይም ሚስት ብቻ ነው የሚል ሕግ አወጣ። ማሳቹሴትስ በ2004 ጋብቻውን በፈቀደ ጊዜ የሁለቱ ቁልፎች ነገር በግልጽ ታየ። በቦስተን የተጋቡ ሁለት ሴቶች ለግዛቱ ባለትዳሮች ናቸው፤ አንደኛዋ የውጭ አገር ሰው ብትሆን ግን ለኢሚግሬሽን ሹሙ ሁለቱ ምንም አይደሉም። የመጀመሪያው በር ተከፈተ፤ ሁለተኛው እንደተቆለፈ ቆየ።

ሁለተኛውን በር የከፈተው ክርክር የተጀመረው በኢሚግሬሽን ሳይሆን በግብር ነው። የኒው ዮርክ ነዋሪ የሆኑት ወይዘሮ ኤዲት ዊንዘር በ2007 በካናዳ በቶሮንቶ ከወይዘሮ ቲያ ስፓየር ጋር ተጋብተው ነበር። ስፓየር በ2009 ሲሞቱ መንግሥት ዊንዘርን እንደ ባዕድ ቈጥሮ 363,053 ዶላር የውርስ ግብር አስከፈላቸው፤ ለሟች ባል ወይም ሚስት ግን እንዲህ ያለው ግብር አይጠየቅም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 26 ቀን 2013 በ5 ለ4 ድምፅ የ1996ቱን ትርጓሜ ሻረው። የአብላጫውን ፍርድ የጻፉት በ1985 የሱሊቫንን ማመልከቻ ውድቅ ያደረጉት ዳኛ ኬኔዲ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በጁላይ 2013 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ጉባኤ፣ ጋብቻው በተፈጸመበት ቦታ የጸና እስከሆነና እውነተኛ እስከሆነ ድረስ የተጋቢዎቹ ጾታ አንድ መሆኑ ለማመልከቻው እንቅፋት አይሆንም አለ። ጋብቻውን የማይፈቅድ ግዛት ውስጥ የሚኖሩ ጥንዶች እንኳ ወደሚፈቅድ ግዛት ሄደው ተጋብተው ሊመለሱ ይችሉ ነበር። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጋብቻውን በሁሉም ግዛቶች አጸና፤ በ2022 ደግሞ የ1996ቱን ሕግ የሚሽር አዲስ ሕግ በምክር ቤቱ ወጣ።

ሪቻርድ አዳምስ ይህን አላዩም፤ በዲሴምበር 2012 ከፍርዱ 6 ወር ቀደም ብለው ሞተዋል። ሱሊቫን በ1975 የቀረበው ማመልከቻ እንደገና እንዲታይ ጠየቁ። መንግሥትም ስለ ቀድሞው ደብዳቤ ይቅርታ ጠይቆ ማመልከቻውን ተቀበለ፤ በ2016፣ ከጋብቻው 41 ዓመት በኋላ፣ የሟች ዜጋ ባል በመሆናቸው የነዋሪነት ፈቃድ ተሰጣቸው። እርሳቸውም በ2020 ሞቱ።

፬. ሌሎች መንገዶች

ደቡብ አፍሪካ በሌላ መንገድ ሄዳለች። በዚያ አገር የውጭ አገር ሰዎች ቁጥጥር ሕግ ለነዋሪ «የትዳር ጓደኛ» ፈቃድ በቀላሉ ይሰጥ ነበር፤ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ግን መጋባት አይችሉም ነበር። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በዲሴምበር 1999 ስለ ጋብቻ ምንም ሳይናገር፣ እነዚህን ሰዎች ከሕጉ ማስቀረት እኩልነታቸውንና ክብራቸውን ይነካል አለ። ሕጉንም ከመሻር ይልቅ «የትዳር ጓደኛ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ በቋሚ የተመሳሳይ ጾታ የሕይወት ጓደኝነት የሚኖር ሰው የሚል ሐረግ እንደተጻፈበት ሆኖ እንዲነበብ አዘዘ። ጋብቻው ራሱ በሕግ የተፈቀደው በ2006 ነው። እንግዲህ በአሜሪካ ጋብቻ ቀድሞ የመኖሪያ ፈቃድ ተከተለ፤ በደቡብ አፍሪካ ግን ፈቃዱ ጋብቻውን በ7 ዓመት ቀደመው።

የአውሮጳ ኅብረት ፍርድ ቤት ደግሞ መካከለኛ መንገድ ያዘ። ሩማንያዊው አድሪያን ኮማንና አሜሪካዊው ሮበርት ሃሚልተን በ2010 በብራስልስ ተጋብተው ወደ ሩማንያ ለመግባት ቢፈልጉ፣ የአገሩ ሹማምንት ሃሚልተን ከ3 ወር በላይ ሊቀመጥ አይችልም አሉ። ፍርድ ቤቱ በጁን 2018 በሰጠው ፍርድ፣ ስለ ዜጎች ዝውውር በወጣው የ2004 የኅብረቱ ደንብ ውስጥ ያለው «የትዳር ጓደኛ» የሚለው ቃል ጾታ የማይለይ ነው፤ ስለዚህ ሩማንያ የመኖሪያ ፈቃድ መከልከል አትችልም አለ። ነገር ግን ይህ ማንኛውንም አገር በራሱ ሕግ እንዲህ ያለ ጋብቻ እንዲያቋቁም አያስገድድም ሲል ጨመረበት። በኖቬምበር 2025 ይኸው ፍርድ ቤት በጀርመን የተጋቡ ሁለት ወንዶች በፖላንድ ላይ ባነሡት ጉዳይ፣ በአንድ አባል አገር በሕግ የተፈጸመውን ጋብቻ ሌላው አባል አገር ዕውቅና ሊነፍገው አይገባም በማለት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል። ፍርድና አፈጻጸም ግን አንድ አይደሉም፤ የ2018ቱን ፍርድ ሩማንያ እንዳልፈጸመች የአውሮጳ ፓርላማ በ2021 ባወጣው ውሳኔ ወቅሷል።

፭. ያልተፈታው ችግር

ከዚህ በላይ ያለውን ያነበበ ሰው ነገሩ እንዳለቀ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን «በተፈጸመበት ቦታ የጸና» የሚለው መርሕ የሚጠቅመው ጋብቻውን የሚፈጽምበት ቦታ ላገኘ ሰው ብቻ ነው። ጋብቻው በማይፈቀድበት አገር የሚኖር ሰው ወደሚፈቀድበት አገር ለመሄድ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ቪዛውን ለማግኘት ደግሞ ጋብቻው ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ሕግ ለዚህ አንድ መውጫ አለው፤ ዜጋው ለእጮኛው ቪዛ ሊያመለክት ይችላል፤ እጮኛውም ከገባ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ መጋባት አለባቸው። ሆኖም ባለፉት 2 ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታቸውን ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል፤ ይህን መውጫም የሚጠቀምበት ዜጋ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር ማስረጃ ነው። ሹሙ ጋብቻው ለወረቀት ሲባል የተደረገ አለመሆኑን ለማወቅ በሁለቱ ስም የተጻፈ የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ የወዳጅና የዘመድ ምስክርነት ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ በራሱ ተገቢ ነው፤ ማንኛውም ባልና ሚስት ይጠየቁታል። ነገር ግን ግንኙነታቸው በሚያስቀጣበት አገር ሲኖሩ የቆዩ ሰዎች ደብዳቤአቸውን ሲያቃጥሉ እንጂ ሲያከማቹ አልኖሩም፤ ለመሰከረላቸውም ዘመድ ነገሩን አልነገሩትም። ለመኖር የደበቁት ነገር አሁን እንዳልነበረ ይቈጠርባቸዋል።

ሦስተኛውና የባሰው የስደተኛው ነገር ነው። በአሜሪካ ሕግ ስደተኛ ተብሎ ወደ አገሩ የገባ ሰው በኋላ የትዳር ጓደኛውን ሊያስመጣ የሚችለው ጋብቻው እርሱ ከመግባቱ በፊት የተፈጸመ እንደሆነ ነው። በዚሁ ጠባዩ ምክንያት ከአገሩ የተሰደደ ሰው ግን ከመሰደዱ በፊት ሊጋባ አይችልም ነበር። ሕጉ የሚጠይቀው ወረቀት ሰውየውን ያሰደደው አገር የከለከለው ወረቀት ነው።

መደምደሚያ

ከተመለከትናቸው ጉዳዮች አንድ ነገር እንረዳለን። አንድን ጋብቻ መባረክና አንድ ሰው ከመረጠው ጋር በአንድ አገር እንዲኖር መፍቀድ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ የደቡብ አፍሪካና የአውሮጳ ፍርድ ቤቶች የለዩአቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለ መጀመሪያው ሰዎች እንደ ሃይማኖታቸውና እንደ አገራቸው ልማድ ሊለያዩ ይችላሉ። ሁለተኛው ግን የሚወሰነው በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ባለ አንድ ቃል ትርጉም ነው፤ በአሜሪካ ያ ቃል ትርጉሙ እስኪለወጥ ድረስ ከአመልካቾቹ አንደኛው ሞቶ ነበር። ስለዚህ የሕግ ተማሪ «የትዳር ጓደኛ»ን የመሰለ ተራ የሚመስል ቃል ባገኘ ጊዜ ማንን እንደሚያስገባ ብቻ ሳይሆን ማንን ከደጅ እንደሚያስቀርም አብሮ ሊመረምር ይገባዋል እንላለን።