ኢንፌክሽኑ ሳይሸነፍ የሚያዝ ፍሬን፦ ቲ-ሴሎች በሴፕሲስ ወቅት

«የደም መመረዝ» የሚለው የተለመደ ስም ሴፕሲስን በሚገባ አይገልጸውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ ትርጓሜ እንደሚለው፣ ሴፕሲስ ማለት ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ሥርዓቱን ስቶ የራሱን የውስጥ አካላት ሲጎዳና ሕይወትን አደጋ ላይ ሲጥል ነው። መነሻው የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በ2020 በ«ላንሴት» መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በ2017 ብቻ 48.9 ሚሊዮን ሰዎች እንደታመሙና 11 ሚሊዮን ያህሉ እንደሞቱ ገምቷል። ይህም በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ከተመዘገበው ሞት አንድ አምስተኛውን ይይዛል።

ለረጅም ዓመታት ጥፋተኛ ተደርጎ የተቆጠረው ከልክ ያለፈ ብግነት ነበር። በ1990ዎቹ ብግነትን ለመግታት የተሠሩ መድኃኒቶች በተደጋጋሚ ቢሞከሩም የሚጠበቀውን ያህል ሕይወት አላተረፉም። ለካ ብዙዎቹ ሕሙማን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማዕበል ተሻግረው፣ ኋላ ላይ ሰውነታቸው መከላከል ሲሳነው ነው የሚሞቱት።

ይህን በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ በ2011 የታተመው ነው። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሴፕሲስ የሞቱ 40 ሰዎችን ጣፊያና ሳንባ፣ ሞት በደረሰ በ3 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ወስደው መረመሩ። የጣፊያቸው ሴሎች ሲቀሰቀሱ የሚያመነጩት የመልእክት ኬሚካል በአብዛኛው ከሌሎች ሰዎች ሴሎች 10 በመቶ እንኳ አልሞላም። በነዚህ ሕዋሳት ላይ ደግሞ የፍሬን ፕሮቲኖች በዝተው ተገኙ።

ፍሬኑን ለመረዳት ቲ-ሴል እንዴት እንደሚነሣ ማየት ያስፈልጋል። ቲ-ሴል በአንድ ቁልፍ ብቻ አይነሣም። በመጀመሪያ የጠላትን ቁራጭ በተቀባዩ ለይቶ ማወቅ፣ ቀጥሎም ሲዲ28 በተባለው ፕሮቲን በኩል «ቀጥል» የሚል ሁለተኛ ምልክት ማግኘት አለበት። አንዴ ከተነሣ በኋላ ግን እዚያው ገጽታው ላይ የኬላ ፕሮቲኖች ይበቅላሉ። ሲቲኤልኤ-4 ሲዲ28 የሚይዘውን እጀታ ከእርሱ በበለጠ ጥንካሬ ቀድሞ ይይዝበታል። ፒዲ-1 ደግሞ በሌሎች ሴሎች ላይ ካለው ተጣማጁ፣ ከፒዲ-ኤል1 ጋር ሲገናኝ፣ ኤስኤችፒ-2 የተባለ ኤንዛይም ጠርቶ የመቀስቀሻውን ምልክት ከውስጥ ያጠፋል። ፍሬኑ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ሲቲኤልኤ-4 የሌላቸው አይጦች በተወለዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በገዛ ቲ-ሴሎቻቸው ጥቃት ይሞታሉ።

በሴፕሲስ ጊዜ ችግሩ ፍሬኑ ሳይለቀቅ መቅረቱ ነው። ጀርሙ ቶሎ ስለማይወገድ ቲ-ሴሉ ፒዲ-1ን እንደተሸከመ ይቆያል፤ ሞኖሳይቶችና የደም ሥር ግድግዳ ሴሎችም ፒዲ-ኤል1ን ያበዛሉ። በርካታ ቲ-ሴሎች ራሳቸውን አጥፍተው ይሞታሉ፤ የተረፉትም ዝለው ኢንተርፌሮን-ጋማ ማመንጨት ያቅታቸዋል። ሞኖሳይቶችን የሚያነቃው ደግሞ ይኸው ኢንተርፌሮን ነውና የአንዱ ድካም ሌላውን ያደክማል። ምህንድስና ለተማረ ሰው ይህ የታወቀ ሕመም ነው፤ ስሕተትን እንዲያርም የተሠራ የመልስ ምልክት ራሱ ስሕተቱን ሲያጸናው ማለት ነው። በዚህ ክፍተት በጤናማ ሰው ላይ ጉዳት የማያደርሱ ጀርሞች ይበረታሉ፤ ለዓመታት ተኝተው የቆዩ የሄርፒስ ቤተሰብ ቫይረሶችም ይነቃሉ።

ታዲያ ፍሬኑን መልቀቅ ይቻላል? መሣሪያው አስቀድሞ አለ። ፒዲ-1 በ1992 በጃፓን ኪዮቶ በታሱኩ ሆንጆ ቤተ ሙከራ ተገኘ፤ ሆንጆና አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ይህን ዕውቀት ለካንሰር ሕክምና በማብቃታቸው በ2018 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። በሴፕሲስ ረገድም በ2009 የታተመ ጥናት ፒዲ-1 የሌላቸው አይጦች ከሌሎቹ ይልቅ እንደተረፉ አሳየ። በእኔ ግምት ግን የበለጠ አስተማሪው በ2011 የወጣው የሲቲኤልኤ-4 ሙከራ ነው፦ አነስተኛ መጠን ያለው የመግቻ አንቲቦዲ አይጦቹን ሲያተርፍ፣ ከፍተኛው መጠን ሞታቸውን አባባሰው። ፍሬን የሌለው መኪና ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚሆን ሹፌር ይመስክር።

በ2019 ኒቮሉማብ የተባለው የካንሰር መድኃኒት በሴፕሲስ ለታመሙ 31 ሰዎች ተሰጥቶ ያልተጠበቀ የደኅንነት ችግር አልታየም። ሙከራው የታቀደው ግን የመድኃኒቱን ደኅንነትና ትክክለኛ መጠን ለመመዘን እንጂ ሕይወት ማትረፉን ለማረጋገጥ አልነበረም። ስለዚህ የሴፕሲስ ሕክምና ዛሬም የሚጀምረው አንቲባዮቲክን ሳይዘገዩ ከመስጠት፣ ፈሳሽ ከመተካትና የኢንፌክሽኑን ምንጭ ከማስወገድ ነው። ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ያለበት ሰው በድንገት ግራ ከተጋባ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሽንቱ ካነሰ ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም።

ተመራማሪዎች አሁን የሚያተኩሩት ፍሬኑ የጠበቀበትን በሽተኛ ለይቶ በማወቅ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በብግነት እየነደደ ያለ ሰው ፍሬኑ ቢለቀቅለት ሊጎዳ ይችላል። ከመለኪያዎቹ አንዱ በሞኖሳይቶች ላይ ያለው የኤችኤልኤ-ዲአር ፕሮቲን መጠን ነው። ይህ ቁጥር ለተከታታይ ቀናት ዝቅ ብሎ ከቆየ፣ የበሽተኛው መከላከያ እንደዛለ ያመለክታል።