ያውቁ ኖሯል? ከቆቦ ሜዳ እስከ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ

የሰሜን ወሎን ተራሮች ለማየት የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ወልድያ ላይ ታጥፎ ወደ ላሊበላ ይወጣል። ቆቦን የሚያውቃት ወደ ሰሜን ሲያልፍ፣ ያውም በመኪና መስኮት ነው። እኔ ግን ተራራውን ለመረዳት ከሜዳው መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ የተራራ ጥብቅ ሥፍራ የጎብኚዎች ማዕከል ሊነግረን ከሚገባው ነገር ብዙው ያለው ከታች፣ ከቆቦ ዙሪያ፣ ከራያ ማሽላ መሀል ነውና።

ያውቁ ኖሯል? ቆቦ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ካርታ ዘርግተው በማስመሪያ ቢለኩት በሁለቱ መካከል ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የቆቦ ሰው ከፀሐይ ሸሽቶ ቁርቁራ ጥላ ሥር በተቀመጠበት ሰዓት፣ ከላይ ያለው እረኛ በ18 ዲግሪ ያህል በቀዘቀዘ አየር ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ይሆናል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ ተደራርበዋል።

ያውቁ ኖሯል? አቡነ ዮሴፍ ብቻውን የተከለለ ተራራ አይደለም። ከዝጊትና ከአቦሆይ ጋራ ተራሮች ጋር በአንድ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተያይዟል። አቦሆይ ጋራ የሚገኝበት ጊዳን ወረዳ ከራያ ቆቦ ጋር ይዋሰናል። ቆቦና ጥብቅ ሥፍራው ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው።

ከእነዚህ ጋራዎች አናት ላይ የሚዘንበው ዝናብ ዕጣው ለሁለት ይከፈላል። ወደ ምዕራብ የወረደው ተከዜን ይቀላቀላል፤ ተከዜ አትባራን፣ አትባራ ዓባይን፣ ዓባይም ሜዲትራንያንን ይገናኛል። ጥቂት እርምጃ ወደ ምሥራቅ ያረፈው ጠብታ ግን በጎሊና ወይም በሆርማት ወንዝ በኩል ወደ ቆቦ ሜዳ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ አፋር ይዘልቅና ባሕር ሳያይ በረሃ ውስጥ ይቀራል። አንዱ ጠብታ እስክንድርያ ሲደርስ ሌላው የራያን ማሽላ አጠጥቶ ያልቃል። ይህን የውሃ ክፍፍል የሚያሳይ አንድ ትልቅ ካርታ በየትኛውም የጎብኚዎች ማዕከል ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ደስ ይለኛል።

ያውቁ ኖሯል? የቆቦ ሜዳ የተፈጠረው መሬት ሰምጦ ነው። ታላቁ ስምጥ ሸለቆ አፋርን ሲከፍት ከዳርቻው ላይ ትንንሽ ስምጦች አብረው ወረዱ፤ ቆቦና ቦርከና ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በምዕራብ ዋናው የደጋ ግድግዳ ቆመ፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ሳይሰምጥ ቀረ። በመካከል የተፈጠረውን ጉድጓድ ከደጋው የታጠበ አፈር፣ አሸዋና ጠጠር በእጅግ ረጅም ዘመን ሞላው። ዛሬ የሚታረሰው ሜዳ ይህ ደለል ነው። በደለሉ ውስጥ ደግሞ ውሃ አለ። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም በጥልቅ ጉድጓድ እያወጣ በጠብታና በመርጨት መስኖ ያዳረሰው ይህንኑ ከተራራው ሰርጎ የወረደ ውሃ ነው። ዞብል ላይ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ላየ ሰው የአፋር ቆላ ከእግሩ ሥር ነው፤ ወደ ምዕራብ ሲዞር ቆቦ ከነማሳዋ፣ ከኋላዋም የላስታና የጊዳን ጋራዎች። እንዲህ ያለ የመመልከቻ ቦታ ብዙ አገር የለም።

ስለ ጎርፍ ደግሞ እንነጋገር። ብዙ ከተሜ ጎርፍ ሲባል ጥፋት ብቻ ይታየዋል። የራያ ገበሬ ግን ጎርፍ ጠልፎ ያርሳል። ደመናው ደጋው ላይ ሲጠቁር፣ ሜዳው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ገበሬው አካፋውን ይዞ ወደ ወንዙ ዳር ይወጣል። ደረቁ አሸዋ ላይ በድንጋይ፣ በአፈርና በእሾህ ቅርንጫፍ የተሠራ ክትር ይጠብቃል። ጎርፉ ቅጠልና ጭቃ እየገፋ ሲመጣ ክትሩ ከፊሉን ወደ ቦዩ ያዞረዋል፤ ከዋናው ቦይ ወደ ትንንሾቹ፣ ከዚያም በየተራ ወደ ማሳ ይገባል። ሁሉም የሚሆነው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሆነ ተራ ያለፈው ሰው ዓመቱ አለፈበት ማለት ነው። ጎርፉ ከውሃው ጋር የደጋውን ለም አፈር ይዞ ይመጣል፤ ለዚህም ነው እዚህ ያለው መሬት በዓመት 600ዎቹ ሚሊ ሜትር በሚሆን ዝናብ፣ ያውም አንዳንዴ በሚከዳ ዝናብ፣ ማሽላና ጤፍ ሲያበቅል የኖረው። ነገር ግን ጎርፉ ሲበዛ ክትሩን ጠርጎ፣ ማሳውን ሸርሽሮና ድንጋይ ጭኖበት ይሄዳል። ልኩን የሚወስነው ላይኛው ተራራ ነው፦ ቁጥቋጦና ሣር የለበሰ ጋራ ውሃውን ቀስ አድርጎ ይለቃል፤ የተራቆተው በአንድ ጊዜ ይደፋዋል። ጊዳን ላይ የተተከለ ችግኝ ቆቦ ላይ ያለ ማሳ ይጠብቃል የምለው ለዚህ ነው። ተራራ ጥበቃ የቀበሮና የዝንጀሮ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ነሐሴ ላይ ሆርማት ዳር ይቁም።

ያውቁ ኖሯል? በዓለም ላይ ካሉ የዱር አእዋፍ በቁጥር የሚበልጠው ግሪሳ ነው። አንዷ በቀን 10 ግራም ገደማ እህል ትበላለች፤ አንድ ሚሊዮን ሆነው ሲወርዱ 100 ኩንታል ሄደ ማለት ነው። የራያ ገበሬ መከላከያው ማማ ነው፦ አራት ቋሚ እንጨት፣ ከላዩ ርብራብ፣ ከዚያ በላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ። ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጁ ገና ሳይነጋ ይወጣል፤ ወፏ በጣም የምትበላው ጠዋትና ወደ ማታ ነውና። ድንጋዩን ወንጭፉ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ከራሱ በላይ ሁለት ሦስቴ ያዞራል፣ አንዱን ጫፍ ይለቅቃል፤ የወንጭፉ ጩኸት ከድንጋዩ በላይ ወፉን ያስነሳዋል። ከዚያ ከማማ ማማ ጩኸት ይቀባበላሉ። ይህን ሥራ ያየ ሰው የማሽላ እንጀራ ሲቆርስ ዋጋውን ያውቃል።

ማሽላው ራሱ ሀብት ነው። ደጋሊት፣ ጅጉርቲ፣ ጃሙዮ፣ ዘንጋዳ እያሉ ገበሬዎች ለይተው የሚያውቋቸው ዓይነቶች ሞልተዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም የተሰበሰቡ ከ9,000 በላይ የማሽላ ናሙናዎችን መርምረው፣ ላይሲን በተባለው ለሰውነት ግንባታ እጅግ አስፈላጊ በሆነ ንጥረ ነገር የበለጸጉ ሁለት ዓይነቶች አገኙ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ፣ ከወሎ ምድር የሄዱ ነበሩ። የወሎ ገበሬ ወተት በጉንጬና ማር ጩቄ እያለ በማሳው ውስጥ ቀላቅሎ ሲዘራቸው፣ እሸታቸውንም ጠብሶ ሲበላቸው ኖሯል። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት፣ የወሎ እናቶች ለልጆቻቸው ሲያበሉት ከኖሩ በኋላ ነው።

የማሽላ ጠላት የሆነችውን አቀንጭራንም ማንሳት ይገባል። ሥሩ ላይ ተጣብቃ የምትመጥ አረም ናት። ይህችን አረምና ድርቅን የሚቋቋሙ ዝርያዎች በማውጣት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። አቀንጭራን እንዲቋቋሙ ተብለው ኢትዮጵያ ውስጥ ከተለቀቁት ዝርያዎች አንዱ ጎብዬ ይባላል፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲሄዱ ይህንኑ ስም የያዘች ከተማ ያልፋሉ። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ቆቦ ላይ ንዑስ ማዕከል አለው።

ያውቁ ኖሯል? አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የበረሃ አንበጣ መንጋ በአንድ ቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ያህል ይበላል። በ2013 ዓ.ም ጥቅምት፣ ማሽላውና ጤፉ ሊሰበሰብ ሲል፣ መንጋው ራያ ቆቦ ላይ አረፈ። ያ ሳያንስ በዚያው ዓመት ክረምትና በ2014 ዓ.ም ነሐሴ ጦርነት ገባ። ሜዳው በእነዚህ ዓመታት የተሸከመው መከራ ሳይነገር ስለ ውበቱ ብቻ ማውራት አይቻለኝም።

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር የትም የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 በታች ናቸው። በወሎ አቡነ ዮሴፍ ከመኖሪያዎቹ አንዱ ነው። በቤተሰብ እየኖረ አይጥ የሚያድነው ለየብቻ ነው። ከጥይት ይልቅ የሚያሰጋው የመንደር ውሻ ነው፤ ውሻው የእብደት በሽታ ያስተላልፍበታል። ስለዚህ የአንድ የደጋ መንደር ውሾች መከተብ ለዚህ ብርቅዬ እንስሳ ሕይወት ነው፣ ለመንደሩ ልጆችም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ፦ በባሌ ቀይ ቀበሮዎች ከአበባ ዘንግ ላይ ወለላ ሲልሱ፣ አፍንጫቸውም በአበባ ዱቄት ሲሸፈን ታይተዋል። ሥጋ በል የሆነ ትልቅ እንስሳ የአበባ ዱቄት ከአበባ ወደ አበባ ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው።

ከዝንጀሮዎች ሁሉ በሣር የሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ቁጭ ብሎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን አንድ በአንድ ይነጫል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ያደርሳል፤ ከዚያ ሳይነሳ በመቀመጫው ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ማታ ገደል ላይ ያድራል።

ጅባራ ለዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ይሞታል። አጥንት ሰባሪው አሞራ ትልቅ አጥንት ከሰማይ ድንጋይ ላይ ጥሎ ይሰብርና ፍርካሹን ይውጣል፤ ከምግቡ አብዛኛው አጥንት ነው።

ሌሎች ደጋዎች ተራራቸውን እንዴት እንደጠበቁና እንደሚያስጎበኙም እንይ። ያውቁ ኖሯል? በመንዝ የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ገበሬዎች ወደ 400 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን ጠብቀው ኖረዋል። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ድርቅ ሲመጣ ወይም ሣሩ ሲደርስ በጋራ ስምምነት ይከፈታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በአዲስ መልክ አቁሞታል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም ተቋቋመ፣ በ1970 ዓ.ም ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2009 ዓ.ም ወጣ። የፓርኩ ጎብኚ ደባርቅ ከተማ ላይ ወረፋ ይዞ ክፍያውን ይፈጽማል፣ አስጎብኚና ስካውት ይዞ ይሄዳል። ባሌ ዲንሾ ላይ ደግሞ ትንሽ ሙዚየም አለች፤ እንስሳውን ሜዳ ላይ ሳያዩ በፊት እዚያ በቅርብ ያዩታል።

ቆቦም እንዲህ ያለ ቤት ይገባታል፤ ይህን ስል ከልቤ ነው። የማሽላ ዛላዎቹ በየስማቸው ይደርደሩበት። ጎርፉ ከጊዳን እስከ አፋር የሚሄድበት መንገድ ይሣልበት። የራያ ከብት ቀንድ፣ ያ ወደ ላይ ተስቦ የሚጠማዘዘው ረጅም ቀንድ፣ ይሰቀልበት። ወይባውም አይረሳ፤ የወሎ ሴቶች ጢሱን የሚሞቁት ዛፍ በቆላው ቁልቁለት ላይ የሚበቅል ነውና እየተቆረጠ ካለቀ ወጉም አብሮ ያልቃል። ከእርዳታ እህል ጋር ገብታ በወሎ ተሰራጨች የሚባልላት ቅንጬ አረምም ትታይበት፤ ልጆች ሲያዩዋት እንዲነቅሏት።

ወደ ሰሜን ለሚዘልቅም የሚታይ አለ። ከቆቦ በስተሰሜን ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወጣው የግራካሱ ጠመዝማዛ መንገድ በጣሊያን ዘመን የተሠራ ነው። በግራካሱና በሁጉምቡርዳ ከስምጥ ሸለቆው ዳርቻ የቀረ የጽድና የወይራ ደን አለ። ከዚያ አለፍ ብሎ መውጫ ወንዝ የሌለው የአሸንጌ ሐይቅ ይገኛል። ሰማዩም ባዶ አይደለም፦ በቀይ ባሕርና በስምጥ ሸለቆ መስመር በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ንስርና ሽመላን የመሰሉ አእዋፍ ይመላለሳሉ፤ ከጥቅምት ጀምሮ ቀና ብሎ ሰማዩን ማየት ነው።

መቼ ልምጣ ለሚል፦ ለተራራው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ይሻላል፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛልና ወፍራም ልብስ ይያዙ፤ ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ወልድያ ላይ ይጠይቁ። ማማውን ከነወንጭፉ ማየት ለሚሻ መስከረምና ጥቅምት ናቸው። የልጃገረዶችን ጭፈራ ማየት የሚፈልግ ግን ነሐሴ 16 ቆቦ ይገኝ፤ ክረምቱ ያረዘመውን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ሶለል የሚጨፍሩበት ቀን ነው። በዚያው ሰሞን ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ዋግ ላይ ሻደይ ይጨፈራል።